ዳሌ ከተቀየረ በኋላ ያሉት 35 ቀናት

ለዓመታት የዳሌ ሕመም አስሮት በከዘራ ሲንፏቀቅ የኖረ ሰው መገጣጠሚያው ተቀይሮለት በእግሩ ቆሞ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ቤተሰቡ «ተገላገልን፣ ተመስገን» ይላል። ስለ ሕመሙ ከሆነ እውነት ነው። የደም መርጋትን በተመለከተ ግን ጥበቃው ገና መጀመሩ ነው። ዛሬ እዚህ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዛችሁ ወይም ቀጠሮ የያዙ እናት አባት ያላችሁ ናችሁ፤ ስለዚህ ነገሩን ቤት ውስጥ በሚሠራበት መልኩ እንነጋገረው።

መጀመሪያ ጊዜውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1998 ከካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት ዳሌያቸው የተቀየረላቸውን ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተከታትሎ ነበር። የረጋ ደም ከተገኘባቸው መካከል ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ ችግሩ የታወቀባቸው ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ ሲቆጠር መካከለኛው ቀን 17ኛው ነበር። ጉልበታቸው ለተቀየረላቸው ሰዎች ይኸው ቀን 7ኛው ነው። ዳሌ ዘግይቶ ነው የሚያጠቃው። ነርስ በማይኖርበት፣ ቁስሉ ደርቆ ክሩ በወጣበት፣ ጠያቂው በተመናመነበት ሰሞን ይመጣል። ከሁሉ በላይ እንድትይዙልን የምንፈልገው ይህንን ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ደም ወደ እግር የሚወርደው በልብ ግፊት ነው። ሽቅብ የሚመለሰው ግን በአብዛኛው የባት ጡንቻ እየተኮማተረ ደም መልስ ሥሮቹን ሲጨምቃቸው ነው፤ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዙታል። በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ሐኪሙ የጭኑን አጥንት ራስ ከጎድጓዳው ለማውጣት እግሩን አጥፎ ማዞር አለበት። ያን ጊዜ ትልቁ የጭን ደም መልስ ይጠማዘዛል፣ ፍሰቱ ይቋረጣል፣ የውስጥ ሽፋኑም ይጎዳል። አጥንቱ ሲሞረድ ደግሞ ደምን የሚያረጉ ነገሮች ከመቅኒው ወደ ደም ይገባሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባካሄዳቸው ምርምሮች የተነሣ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠሩ ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ የደም መዘግየት፣ የሥር መጎዳትና የደሙ ለመርጋት መቸኮል። ዳሌ ቅየራ ሦስቱንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኛቸዋል። ቁስሉ ከላይ ቢድንም የተቀየረው እግር የደም ፍሰት ቶሎ አይስተካከልም፤ ደሙም ለመርጋት እንደተዘጋጀ ለሳምንታት ይቆያል።

የረጋው ደም ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ትንንሽ በሮች ጀርባ ይጀምርና ወደ ላይ ያድጋል። ከተቆረሰ በልብ ቀኝ ክፍል በኩል አልፎ የሳንባን ደም ወሳጅ ይዘጋል። ሰው በድንገት የሚሞተው በዚህ ነው። ከሳንባ የተረፈውም እግሩ ለዓመታት እያበጠና እየከበደው፣ ቆዳው እየጠቆረና እየቆሰለ ሊኖር ይችላል።

በስዊድን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሙከራ ለዛሬው ርእሳችን መሠረት ነው። አንዱ ቡድን ኢኖክሳፓሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መርፌ በሆስፒታል ቆይታው ብቻ፣ ሌላው ለአንድ ወር ያህል ወሰደ። ከዚያ ሁሉም በቀለም የተደገፈ የሥር ራጅ ተነሡ። ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ከወሰዱት 39 በመቶዎቹ፣ ወሩን ከጨረሱት ደግሞ 18 በመቶዎቹ የረጋ ደም ተገኝቶባቸዋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን ምንም ስሜት ያልሰጡ ትንንሽ እርጋታዎች ናቸው። እውነተኛ ምልክት የሚያሳየው ክፍል በጣም ያነሰ ነው፤ ያለ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 35 ቀናት ከ100 ሰው 4 ያህሉ ተብሎ ይገመታል። በመድኃኒት ይህ ቁጥር ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ደም እንዳይረጋ ወደሚከላከሉት መድኃኒቶች እንሂድ። ኢኖክሳፓሪን በቀን አንድ ጊዜ 40 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ይህ መጠን በተሞላው ሲሪንጅ ውስጥ 0.4 ሚሊ ሊትር ነው። አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ «እኔን 30 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ነው የወጉኝ» ቢላችሁ አትደናገጡ፤ የአገሩ አሠራር ነው። ሪቫሮክሳባን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ የሚዋጥ ሲሆን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀመራል። አፒክሳባን 2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀመራል። ሁለቱም ለዳሌ የሚወሰዱት ለ35 ቀናት ያህል ነው። እነዚህ በሌሉበት ሆስፒታል ተራው ሄፓሪን 5,000 ዩኒት በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ሄፓሪን በሚሰጥበት ጊዜ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ የፕላትሌት (ደምን የሚያረጉ ትንንሽ የደም ሕዋሳት) ቁጥር መታየት አለበት፤ በግማሽ ከወረደ መድኃኒቱ ራሱ ደም እያረጋ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ይቆማል።

አስፒሪንስ? ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል፣ ርካሽ ስለሆነም መነሣቱ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የካናዳ ትልቅ ሙከራ አስፒሪን 81 ሚሊ ግራም ከሪቫሮክሳባን እንደማያንስ አሳይቷል። ነገር ግን በዚያ ሙከራ ሁሉም ሰው የመጀመሪያዎቹን 5 ቀናት ሪቫሮክሳባን ወስዶ ነበር፤ አስፒሪኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ለ30 ቀናት ነው። ብዙ ሰው ይህቺን አምስት ቀን ዘሎ «አስፒሪን ይበቃል» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የአውስትራሊያ ሙከራ ከመጀመሪያው ቀን አስፒሪን ብቻ የተሰጣቸውን ኢኖክሳፓሪን ከተሰጣቸው ጋር ሲያነጻጽር፣ በ90 ቀን ውስጥ ምልክት ያሳየ እርጋታ በአስፒሪኑ ቡድን 3.45 በመቶ፣ በኢኖክሳፓሪኑ 1.82 በመቶ ሆነ። የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ጤነኛ፣ ቀጠን ያለ፣ ቶሎ የሚራመድ ሰው አምስቱን ቀን በጠንካራው መድኃኒት ጀምሮ በአስፒሪን ቢጨርስ ተገቢ ነው። ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት የነበረ፣ ካንሰር ያለበት፣ በጣም ወፍራም የሆነ ወይም በመገጣጠሚያ ብግነት ምክንያት ቶሎ የማይነሣ ሰው ግን በአስፒሪን ብቻ መተው የለበትም።

ኢኖክሳፓሪንና ሄፓሪን የሚሠሩት ከአሳማ አንጀት ነው። ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል የሆነ ታካሚ ይህን ቀድሞ የማወቅ መብት አለው። ሕይወት ለማዳን ሲሆን የሚፈቅዱ የሃይማኖት አባቶች ብዙ ናቸው፤ ሕሊናው የማይቀበለው ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው፤ የሚዋጡት እንክብሎች አሉ፣ በኬሚስትሪ የሚሠራው ፎንዳፓሪኑክስ 2.5 ሚሊ ግራም መርፌም አለ። ፎንዳፓሪኑክስ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ወይም ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው አይሰጥም። ጥያቄው መነሣት ያለበት በቀጠሮው ቀን ነው። ቤት ገብቶ በሦስተኛው ቀን ሰምቶ መርፌውን በዝምታ ማቆም ከሁሉ የከፋው ነው።

የአርትራይተስ ሕመምተኛ ከሌላው የሚለይባቸው ነገሮች ላይ ትንሽ እንቆይ። በዕድሜ መገጣጠሚያው የተበላበት ሰው ለዓመታት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሲወስድ የኖረ ነው፤ መሳቢያው ውስጥ ሁልጊዜ አለ፣ ከፋርማሲም በቀላሉ ይገዛል። ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲጣመሩ ጨጓራ ያደማሉ፣ ቁስሉንም እንዲንጠባጠብ ያደርጋሉ፤ የሚንጠባጠብ ቁስል ደግሞ ለጀርም በር ነው። ኩላሊትንም ያደክማሉ፤ ኢኖክሳፓሪን የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። በ35ቱ ቀናት ለሕመሙ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ሳይበልጥ ይወሰድ። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። አጥጋቢ ካልሆነ ሐኪሙ ሌላ ያዝዛል።

ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያው የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሕመም፣ ያለበት ሰው ነገሩ ይወሳሰባል። በሽታው ራሱ ብግነት ስለሆነ ደሙን ለመርጋት ያዘጋጀዋል። ብዙ ታካሚ «ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒት ይቆማል» ብሎ የሩማቶይድ መድኃኒቱን ሜቶትሬክሴትን በራሱ ያቋርጣል። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መመሪያ ሳምንታዊው ሜቶትሬክሴት እንዲቀጥል ነው የሚመክረው። ሲቋረጥ በሽታው ይነሣል፣ ጉልበቱና ክንዱ ያብጣል፣ ሰውየው በምርኩዝ መቆም ያቅተዋል፣ አልጋ ላይ ይውላል፤ ከዚያ ደሙ ይረጋል። ፕሬድኒሶሎንም በድንገት አይቆምም። ቶፋሲቲኒብ የተባለው የሩማቶይድ መድኃኒት ግን ሌላ ነው፤ ራሱ ከደም መርጋት ጋር ስለሚያያዝና የቁስልን መዳንም ስለሚነካ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 3 ቀን ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድም አይጀመርም።

ከዚያ ደግሞ እጅ አለ። በሩማቶይድ ጣቶቹ የተጣመሙ ሰው ሲሪንጅ መግፋት፣ ጠባብ ካልሲ መሳብ፣ እንክብልን ከማሸጊያው ፈልቅቆ ማውጣት አይችልም። የታዘዘው መድኃኒት ሳይወሰድ የሚቀረው አንዳንዴ በዚሁ ብቻ ነው። ማን እንደሚወጋ፣ እሱ ከሌለ ማን እንደሚተካ ሰውየው ከሆስፒታል ሳይወጣ ስም ተጠርቶ ይወሰን። የሚወጋ ከሌለ የሚዋጥ ይታዘዝ።

መርፌው እንዴት እንደሚወጋ እናሳያችሁ። ታካሚው በጀርባው ጋደም ይበል ወይም ይደገፍ። ቦታው ሆድ ነው፤ ከእምብርት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ዛሬ ቀኝ ከሆነ ነገ ግራ። ቆዳው በአልኮል ይጠረግና ይድረቅ። በሲሪንጁ ውስጥ የምታዩትን የአየር አረፋ አታስወጡ፤ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፣ ሊያስወጡ ሲሞክሩ መድኃኒቱ ይፈስሳል። ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ አንሡ፣ መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ሥሩ አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ቁንጥጫውን የምትለቁት መርፌው ከወጣ በኋላ ነው። ቦታውን አትሹት፤ የሚጠቁረው በማሸት ነው። ያገለገለው መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይጠራቀም። መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ በታች በክፍሉ ሙቀት ይቀመጣል፤ በረዶ ክፍል ውስጥ አይገባም።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን አንድ ነገር እንበል፤ ስሕተቱ ቀላል ይመስላል እንጂ አደገኛ ነው። ውጭ አገር ታክሞ የመጣ ሰው ወረቀቱ ላይ ያለው 8 በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው። ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ጠዋት 2 እና ማታ 2 ብሎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቀኑን መቁጠር በእኛ አቆጣጠር ይቀላል፤ የመጀመሪያው መጠን መስከረም 10 ከተወሰደ 35ኛው ጥቅምት 14 ነው። ጳጉሜን መሐል ከገባች ቀናቷን መቁጠር አትርሱ። ሪቫሮክሳባን የረሳ ሰው በዚያው ቀን ካስታወሰ ይውሰድ፣ በማግስቱ ግን አይደርብ። አፒክሳባን እንዳስታወሰ ይወስድና በሰዓቱ ይቀጥላል። ሁለት መርፌ በአንድ ጊዜ መውጋት በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒትም ይመርመር። ሪቫሮክሳባን 10፣ 15 እና 20 ሚሊ ግራም አለ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው 10 ነው። አስፒሪን ከአሜሪካ 81 ወይም 325፣ ከእንግሊዝ 75፣ ከሌላ ቦታ 100 ሆኖ ይመጣል። ሳጥኑ ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ ፋርማሲስት ሳያየው አይጀመር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን በደሙ ውስጥ ስለሚያንሱበት አይከላከሉለትም። ሪቶናቪር ያለበት የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ደግሞ ከፍ ያደርጋቸውና ያደማል። እነዚህ ሰዎች መርፌው ይሻላቸዋል።

ዋርፋሪን የተባለው የሚዋጥ ደም ማቅጠኛ ብቻ የተገኘላቸው አሉ። ይሠራል፤ ግን በደም ምርመራ አይ.ኤን.አር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር) ከ2 እስከ 3 መካከል መያዝ አለበት፣ እስኪደርስም ቀናት ይወስዳል፣ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻውን አይበቃም። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። በጾም ወቅት ጎመን በየቀኑ የሚበላ ሰው ጾሙ ተፈትቶ ወደ ሥጋ ሲዞር አይ.ኤን.አሩ ሳይታሰብ ይወጣል። ጎመን ተው አንልም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ ይሁን፣ አመጋገብ ሲቀየርም ምርመራው ይደገም።

መድኃኒት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ማደንዘዣው እንደለቀቀ ታካሚው የእግሩን ጫማ ወደ ራሱ ስቦ ወደ ታች ይግፋ፤ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ። ባቱ የሚጨመቀው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በምርኩዝ ይቁም። በእግር ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚጨምቀው መሣሪያ ካለ በቀን 18 ሰዓት ያህል ካልተደረገ ጥቅሙ ይቀንሳል። የሚጠብቅ ካልሲ ከተሰጠ ጫፉ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ እንዳይታሰር፤ በየቀኑ ወልቆ ተረከዙ ይታይ። የስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘበት ወይም የእግሩ ደም ወሳጅ የጠበበበት ሰው አያድርገው።

በእኛ ቤት ደግሞ ጠያቂ ይመጣል፣ ታማሚው በክብር ይተኛል፣ «አትነሣ፣ አትድከም» ይባላል። ፍቅር ነው፤ ግን በዚህ ሕክምና ሰውን የሚጎዳ ፍቅር ነው። ጠያቂ ሲመጣ ታማሚውን ይዞ እስከ በር ቢሄድ ይሻላል። ዱካና ዝቅ ያለ በርጩማ የተቀየረውን ዳሌ ሊያወልቅ ይችላል፣ በብሽሽት ያለውንም ሥር ያጥፋል፤ ረዘም ያለ ወንበር ይዘጋጅ። ውኃ በደንብ ይጠጣ። ያበጠ ባት ደግሞ በፍጹም አይታሽ፤ ወጌሻም፣ ቅባት የያዘ ዘመድም አይንካው። ደም የረጋበት ሥር ሲታሽ እርጋታው ሊቆረስ ይችላል።

ከቀጠሮው በፊት ለሐኪም የሚነገሩ አሉ፤ በራስ ወይም በቅርብ ዘመድ ደም ረግቶ ያውቃል ወይ? ኩላሊት፣ ጨጓራ፣ ካንሰር? ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል የምትወስድ ሴት ከ4 ሳምንት በፊት ማቆም ስለሚኖርባት ቀድማ ትንገር። ማደንዘዣው በአከርካሪ ከሆነ ኢኖክሳፓሪን ከተወጋ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ጀርባ በኃይል ካመመ፣ እግር ከደከመ ወይም ሽንት ካስቸገረ በሰዓታት ውስጥ መታየት ያለበት የአከርካሪ ውስጥ መድማት ሊሆን ይችላል።

ረጅም በረራ ለብዙ ሳምንታት ቢዘገይ ጥሩ ነው፤ ከ4 ሰዓት የሚበልጥ ጉዞ አደጋውን ይጨምራል። ሕንድ ወይም ታይላንድ ታክሞ የሚመለስ ሰው የመመለሻ ትኬቱን ከመግዛቱ በፊት ቀኑን ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ይነጋገር፤ መድኃኒቱን በጭነት ሻንጣ ሳይሆን በእጁ ይያዝ፣ የመተላለፊያ ወንበር ይጠይቅ።

አሁን ወደ ምልክቶቹ። የተቀየረው እግር ትንሽ ማበጡ የተለመደ ነው፤ ሌሊት ከፍ ተደርጎ ሲተኛ ጠዋት ይቀንሳል። የማይቀንስ፣ ባቱን የሚያጠብቅ፣ የሚያሞቅ ወይም በድንገት የጨመረ ከሆነ ባቱን በሜትር ለኩት፤ ከጉልበት በታች ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዳችሁ ሁለቱን እግሮች አነጻጽሩ። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ያልተቀየረውም እግር ሊረጋበት ይችላል፣ አትዘንጉት። በድንገት ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት፣ ደም ያለበት አክታ፣ ራስን መሳት ከመጣ ደግሞ አምቡላንስ ወይም የተገኘው መኪና፣ ወዲያውኑ። ጥቁር ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ የማይቆም ነስር ወይም የሚፈስ ቁስል መድኃኒቱ እያደማ መሆኑን ሊናገር ይችላልና ያም በዚያው ቀን ይታይ።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ «እግሩ አመመው» ብላችሁ ብቻ አትቁሙ። «ዳሌው ከተቀየረ 18ኛ ቀኑ ነው፤ ሪቫሮክሳባን 10 ሚሊ ግራም ይወስዳል፤ ትላንት ሳይወስድ ቀርቷል» በሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዲ-ዳይመር የተባለው የደም ምርመራ በጤነኛውም ሰው ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ብቻውን አይነግርም፤ ለእግር ዶፕለር አልትራሳውንድ፣ ለሳንባ በቀለም የሚነሣ ሲቲ ስካን ይጠየቅ። መድኃኒቱ የተወሰደበትን የመጨረሻ ሰዓት በወረቀት ይዛችሁ ግቡ።